ኦርሶል ያልሞተበት እሁድ

ተጫዋች የሚባል ፍጡር ትዕግሥት የለውም። ይህን የምለው ሃያ ዓመት ሙሉ ተራኪው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስላየሁት ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብለህ ባላንጣ ትፈጥራለህ፤ ፊቱን፣ አካሄዱን፣ የጣቱን ቀለበት፣ ሲቆጣ ድምፁ እንዴት ዝቅ እንደሚል ሳይቀር ታስብለታለህ። ከዚያ ገና በር ከፍቶ ሲገባ፣ ገና «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ሳይጨርስ፣ አንዱ ይነሣና መጥረቢያ ይመዛል። ምን አደረገህ? ሰውየው ክፉ መሆኑ ካስታወቀ ለእነሱ በቃ፣ አለቀ። የአንተ ድካም ውሃ ይብላው።

ጨዋታችን የአፍ ጨዋታ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆንና የሌለ ዓለም ያወራል፤ ሌሎቹ በዚያ ዓለም ውስጥ አንዳንድ ሰው ይሆኑና «ይህን አደርጋለሁ፣ ወደዚያ እሄዳለሁ» ይላሉ። ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚለውን ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይቆርጠዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሆነ፣ ዝቅ ካለ ከሸፈ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። እኛ በየእሁዱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከተማችን ቪዲን ውስጥ ባለው ንባብ ቤት ፎቅ ላይ፣ የባህል ጭፈራ ቡድን ልብስ ከሚሰቀልበት ክፍል አጠገብ እንሰበሰባለን። ምድጃው ያጨሳል፤ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የዳኑብ ወንዝ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ምርጫችን መታፈን ወይም መብረድ ነው።

አራት ነን። ሰቬሊና ፋርማሲስት ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ለሽማግሌዎች ስለ ደም ግፊት ስታስረዳ ከርማ እሁድ መርዝ የምትቀምም ጠንቋይ ትሆናለች። ባይ ፔንቾ የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ናቸው፤ «ባይ» የምንላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡን ነው፣ ስድሳ ስምንት ሞልቷቸዋል። በጨዋታው ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኪስ አውላቂ ልጅት ናቸው፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በቁም ነገር ነው የሚጫወቷት። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ቀኙን ወደ እኔ አድርገው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ላቸዛር ነው፣ የፍሪጅ ጠጋኝ። እሱና እኔ ይህን ጨዋታ የጀመርነው በአሥራ አራት ዓመታችን ነው፤ ያኔ ዳይስ ስላልነበረን ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ኮፍያ ውስጥ ጥለን እናወጣ ነበር። እኔ ራንጌል እባላለሁ፤ በሥራዬ የመነጽር መስታወት እቆርጣለሁ። ጓደኛ የምለው ሰው ላቸዛር ነበር። ሌሎቹ ደግሞ አብረውን የሚጫወቱ ጥሩ ሰዎች ናቸው።

ጠረጴዛችን አንድ ሕግ አለው፦ የተባለ ሆነ። አመጣጡ ያስቃል። ላቸዛር አንድ ጊዜ ለቀልድ «እጄን አንበሳው አፍ ውስጥ እከታለሁ» አለ። እኔም ጨካኝ ነበርኩና አንበሳው ነከሰ። «ቀልዴን ነው እኮ» ብሎ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩ። በጨዋታው የእሱ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ እጁ ሲጋደል ኖረ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ አፍ ያመለጠውን ማንም አይመልሰውም። ጨዋታችን ከሌላው ሰው ጨዋታ የሚለየው በዚህ ነው እያልን እንኮራበት ነበር።

ባለፈው ኦገስት የላቸዛር ሚስት ወንድም ውጭ አገር ካለችው ኡልም ከተማ ደወለ። እዚያ ሥጋና ወተት የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ የሚጠግናቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቦታውን ይዘውለታል፤ እስከ ማርች መጨረሻ ከደረሰ የእሱ ነው። ሚስቱ ዮአና ልጅቷ ትምህርት እንዳያመልጣት ሴፕቴምበር ላይ ቀድማ ሄደች። የዚያን ሰሞን አዲሱን ታሪክ፣ የጨው ጌታውን የኦርሶልን ታሪክ ጀምረን ነበር። ኦርሶል የሀገሩን ጨው ሁሉ ይዞ ሕዝቡን የሚያንበረክክ፣ ፈገግታው የሚያምር ሰው ነው። አንድ እሁድ እኔም ሳቅ እያልኩ ላቸዛርን አንተም ልትሄድ ነው አልኩት። እሱም ዳይሱን መዳፉ ውስጥ እያንከባለለ «ኦርሶል ሳይወድቅ የትም አልሄድም» አለ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ደብተሬ ላይ ከነቀኑ ጻፍኩት። ጠረጴዛው ላይ ተብሏላ።

እውነቱን ልናገር። ኦርሶል መጀመሪያ ሲታሰብ ለገና እንዲወድቅ ነበር። ያችን ቃል ከሰማሁ በኋላ አንድ በረሃ ጨመርኩ። ከበረሃው ወዲያ አንድ ከተማ፣ ከከተማው ሥር ዋሻ፣ ከዋሻው ውስጥ ሦስት ቁልፍ። ታሪኩ ራሱ ይህን ይፈልጋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ተራኪ ራሱን ለማሳመን ማንንም አይቸገርም። ገና መጣ፣ ሄደ። ጃንዋሪ አለቀ። ኦርሶል ገና ፊቱን እንኳ አላሳየም። ሦስት ደብተር ሞልቼለታለሁ፤ ማለቂያው የሚታየኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ላቸዛር በየሳምንቱ ይመጣል፣ ይጫወታል፣ ወደ ባዶ ቤቱ ይመለሳል። ለእኔ ሁሉ ነገር ደህና ነበር።

እንግዲህ ያ የፌብሩዋሪ እሁድ መጣ። የሰርግ ግብዣ አዘጋጀሁላቸው። ኦርሶል ስጦታ ይዞ ይገባል፣ ለሙሽራዋ ጨው ይበትንላታል፣ ከእነሱ ጋር ይጠጣል፣ ይወዱታል፤ ከዚያ ከብዙ ወራት በኋላ ሲከዳቸው አንጀታቸው እንዲቃጠል ነው ሐሳቤ። ድምፁን ቤቴ ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጃለሁ። «በሩ ተከፈተ፣ ነጭ ካባ የለበሰ ሰው ገባ» አልኩ። ገና ካባውን መግለጽ ሳልጨርስ ላቸዛር ተናገረ። የእሱ ሰው ግራዳን ይባላል፤ ታንኳ ቀዛፊ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት የተጫወተው ሰው።

«ግራዳን መጥረቢያውን አንስቶ አንገቱን ይለዋል» አለ።

ሰቬሊና የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። እኔም ተራኪ ሁሉ የሚያውቀውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። ይህ ጥያቄ በጨዋታችን «ተው፣ ትሞታለህ» ማለት ነው፤ ያልገባው ተጫዋች የለም።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። «ተብሏል።»

ለእንዲህ ያለው ቀን ብልሃት አለኝ። ሞልቶኛል። ጠባቂ ማስገባት፣ መስኮት ማስከፈት፣ የመጣው ሰው ኦርሶል ሳይሆን ተመሳሳዩ ነበር ማለት፣ ሙሽራዋ መሐል ገብታ እንድትጮህ ማድረግ። ከዚህ በፊት ስንት ችኩል በእነዚህ መልሻለሁ። የተሻለውም መንገድ ይታወቀኛል፤ ይሙት ብሎ መተውና ከሞቱ ሌላ ታሪክ ማውጣት ነው። ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ ሹም ሁሉ ጨውን ለመያዝ ይጋደላል፤ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም። ይህን ምክር ለወጣት ተራኪዎች አፌን ሞልቼ ስሰጥ ኖሬአለሁ። የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። የስድስት ወር ልፋቴን ዓይኔ እያየ ሊቆርጠው!

ላቸዛር ዳይሱን ጠረጴዛው መሐል ጣለ። የተጫዋች ዳይስ በግላጭ ነው የሚጣለው። ሃያ ወጣ።

ከዚህ በላይ ቁጥር የለም። ኦርሶል ተመታ፣ ካባው በደም ራሰ። አራት ጠባቂ አስገባሁ። ሰቬሊና እንደ ልማዷ ከላቸዛር ጋር ትከራከራለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ጭራሽ የእንቅልፍ ዱቄቷን በተነችባቸውና አራቱም ዘፍ ዘፍ አሉ። መስኮቱን ላስከፍት ስል ባይ ፔንቾ በዚያች በልጅት ድምፃቸው «መስኮቱንም በሩንም ቆልፌያለሁ፤ ቁልፉን ዋጥኩት» አሉ። ዳይሳቸውን ጣሉ፤ ተሳካላቸው። ምድጃው አጠገብ ሦስቱም ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነበር። እንደዚያ ሲሆኑ ካየኋቸው ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ሳስበው እንደ ልጅነታችን ነበርን። ያኔ ግን የታየኝ ሦስት ሰው ተባብሮ ሲዘርፈኝ ብቻ ነው።

በጨዋታችን ደንብ የተመታ ሰው አንድ የመመከቻ ዕድል አለውና ለኦርሶል ያ ብቻ ቀረው። አሥርና ከዚያ በላይ ካወጣሁለት ይመክታል፤ ካላወጣሁለት ይወድቃል። ተራኪው የሚጥለው ከካርቶን መከለያ ጀርባ ነው፣ ቁጥሩን የሚያየው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላው ያምነዋል። ጣልኩ። ዳይሱ ተንከባለለና ቆመ።

ሦስት።

ቀና አልኩ። «አሥራ ዘጠኝ» አልኩ።

እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ኦርሶል መከተ፣ አመለጠ ብል ይበቃኝ ነበር። አልበቃኝም። ኦርሶል ከእጅጌው ጩቤ አወጣ አልኩ፤ ግራዳን ጎድን ውስጥ ሰነቀረው አልኩ። ለሞቱም ዳይስ የጣልኩ አስመሰልኩ። አሥራ አንድ ዓመት የኖረውን ታንኳ ቀዛፊ በሁለት ዓረፍተ ነገር ገደልኩት፤ ስገድለውም ቃላቴን እያሳመርኩ ነበር።

ላቸዛር ቆሞ አየኝ።

«አሥራ ዘጠኝ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እሺ» አለ። ዞሮ ከመከለያው ጀርባ ማየት ይችል ነበር፤ አንድ እርምጃ ነው። አላየም። የግራዳን ነገር ሁሉ የተጻፈበትን፣ በላጲስ ብዛት የሳሳውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ለሚቀጥለው እሁድ የምጫወተው ሌላ ሰው ይዤ ልምጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በደንብ ነዋ አልኩ፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል አልኩ። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ሰቬሊናም ራሴን አመመኝ ብላ ተከተለችው።

ባይ ፔንቾ ደረጃውን አብረውኝ ወረዱ። በዝግታ ነው የሚወርዱት፣ ጉልበታቸው አይታዘዝም። መሐል ላይ ቆሙና መደገፊያውን ያዙ።

«ሦስት ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። ለስንት ዓመት ዳይሴን እያዩ እንዳላዩ ሆነው ኖረዋል፤ እኔም መኖራቸውን ረስቼ ነው። ለምን ያኔ አልተናገሩም ስላቸው የተራኪን ቃል ሰው ፊት ማፍረስ ነውር ነው አሉ፤ ራሱ ተራኪው እስኪያፈርሰው ድረስ። ከዚያ የማላውቀውን ነገሩኝ። ላቸዛር ከሳምንት በፊት ቤታቸው ሄዶ ነበር። ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ልጁ ቢሊያና ማርች አራት ላይ ሰባት ዓመት ይሞላታል፣ እደርስልሻለሁ ብሏታል። ቃሌን በልቼ መሄድ አልፈልግም፣ ምን ላድርግ ብሎ አማከራቸው። ጠይቀው፣ ይለቅሃል ብለውት ነበር። እሱ ግን ራንጌልን አውቀዋለሁ፣ ብጠይቀው ይስቅና ሌላ በረሃ ይጨምራል፤ ይልቅ ኦርሶል ፊቱን ባሳየ በመጀመሪያው ቀን በእጄ ይወድቃል፣ በክብር እሰናበታለሁ አለ። ሃያ ሲወጣለት ዳይሱን አንስቶ እንደሳመው አላየህም ወይ አሉኝ። አላየሁም።

«ሂድና ንገረው» አሉ ባይ ፔንቾ። «እኔ አልነግረውም። ያንተ ነው።»

እነግረዋለሁ አልኳቸው። የዚያኑ ዕለት ከቤቱ ፊት ለፊት እስካለው ዳቦ ቤት ድረስ ሄድኩ፤ መብራቱ በርቶ ነበር። ቆምኩ፣ ከዚያ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። እሁድ ቢሆን ይሻላል፣ ሁሉም ባለበት አልኩ።

እሁድ መጣ። ላቸዛር የሚጫወተው አዲስ ሰው ይዞ መጣ፤ ጸሐፊ ነው፣ መሣሪያ አይዝም፣ የሚሆነውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ስሙ ማነው ስለው ስም አያስፈልገውም አለ። ተጫወተ። ዳይስ ጣል ሲባል ይጥላል፣ ተራው ሲደርስ ይናገራል፣ አይቆጣም፣ አያኮርፍም። ቢያኮርፍ ይቀለኝ ነበር። ልናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና እርሳሱን አስቀመጠ። ሦስቱንም ጊዜ በረሃውን ተረክኩ።

ሁለተኛው እሁድ ማርች አንድ ላይ ዋለ። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ቀይና ነጭ ክር ለወዳጁ እጅ ያስርለታል፤ ዓመቱን ጤና ሁን ማለት ነው። ላቸዛር አራት ክር ይዞ መጣ። ለሰቬሊና አሰረላት፣ ለባይ ፔንቾ አሰረላቸው፣ እነሱም ለእሱ አሰሩለት። የእኔን ጠረጴዛው ላይ፣ መከለያው አጠገብ አኖረልኝ። በአንድ እጅ ክር ለማሰር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሴን ተጠቅሜ ነው የቋጠርኩት፤ ማንም አልረዳኝም፣ ሁሉም እንዳላየ ሆነ።

ማርች አራት ረቡዕ ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሞላት፤ አባቷ ቪዲን ውስጥ ነው። ያን ቀን እውነትም ቆረጥኩ። ከሱቄ ወጥቼ እሱ ወደሚሠራበት ሥጋ ቤት ሄድኩ፤ ማሳያ ፍሪጁ ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። ወጣ፣ ምነው አለኝ። ከዚያ ምን አልኩ? የመስታወት መሞረጃ ማሽኔ ውሃ ያፈሳል አልኩት። መሣሪያውን ይዞ ተከተለኝ። ማሽኑ በእርግጥም ትንሽ ያንጠባጥብ ነበርና ሌላ ሰው ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበትን ሁለት ሰዓት ቆይቶ ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። እጁን ቀስ ብሎ ታጠበ። ፎጣ ሰጠሁት፤ ጣቱን አንድ በአንድ አደረቀ።

«ሌላ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም፣ ሌላ ነገር የለም። ተባረክ» አልኩት።

ፎጣውን አጣጥፎ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ ያ ፎጣ እዚያው ሱቄ ተሰቅሏል፣ እጄን እጠርግበታለሁ፤ ሌላ ፎጣ መግዛት ሰነፍኩ እንጂ ለሌላ አይደለም።

በሦስተኛው እሁድ፣ ማርች ስምንት፣ የሴቶች ቀን ነውና ለሰቬሊና አበባ ይዞላት መጣ፤ ከእሷ ጋር ተሳሳቁ፣ ፋርማሲዋ ውስጥ የሚመጡትን አሮጊቶች ድምፅ አስመስሎ አሳቃት። ወደ እኔ ዞሮ ግን «ተራኪው ከፈቀዱልኝ ጸሐፊው ውሃ ይጠጣል» አለ። ከአሥራ አራት ዓመታችን ጀምሮ ስንሰዳደብ የኖርን ሰዎች፣ «ከፈቀዱልኝ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ እንደሳቅሁ አስመሰልኩ። ባይ ፔንቾ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በአራተኛው እሁድ ምን እንደተጫወትን አላስታውስም፤ ማናችንም አልሳቅንም፣ ቶሎ ተበተንን።

ለአምስተኛው መላ መታሁ። መናገሩ ስላቃተኝ ኦርሶልን ልስጠው አልኩ። ኦርሶል ታመመ፤ ጠባቂዎቹ ከዱት፤ ብቻውን አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ሰይፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። በሰባት ወር ያልተገኘውን ሁሉ በአንድ እሁድ ዘርግፌ ሰጠሁ። እሱ ይግደለውና ቃሉ ይፈጸም፣ እኔም አልዋረድ፤ ስሌቴ ይኸው ነው።

«ሰውየው ከመቼ ወዲህ ነው ጤና ያጣው?» አለች ሰቬሊና። ሞኝ አይደለችም።

ሰው ነው፣ ይታመማል አልኳት። ከዚያ ወደ ላቸዛር ዞርኩ። ጸሐፊው ከአልጋው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፣ ሰይፉ እጁ ሥር ነው አልኩ። ምን ያደርጋል?

ላቸዛር ዳይሱን እንኳ አልነካም። «ቁጭ ብሎ ይጽፋል» አለ።

እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። ልለምነው ብቻ ነበር የቀረኝ።

«እርግጠኛ ነኝ። የታመመ ሰው ተኝቷል፣ ማንም አልነካውም ብሎ ይጽፋል።»

ባይ ፔንቾም አልገደሉም፤ ሰቬሊናም እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። የጨው ጌታው ኦርሶል፣ ሀገር ያንበረከከው፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሦስት ሰው ይጠብቀዋል። ምድጃውን ቆሰቆስኩ። ጨዋታው እዚያው ላይ ሞተ።

ያኔ ላቸዛር ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት አውቶቡስ እንደሚሄድ ነገረን። ዝም ብሎ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ። ሰቬሊና አቅፋው አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ ደግማ አቀፈችው። ባይ ፔንቾ ግንባሩን ሳሙት፤ የባቡር ሰው ናቸውና በአውቶቡስ መሄዱን ብቻ ነቀፉበት። ሁለቱም ወርደው ሄዱ። እሱ እንደ ልማዱ ወንበር ለመደራረብ ከእኔ ጋር ቀረ።

ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ማንም የለም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? አፌን ስከፍት ልናገረው የነበረው ያንን ነበር፣ እምላለሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኦርሶል እኮ አልሞተም» አልኩ። «ጠረጴዛው ላይ ቃል ገብተህ ነበር።»

የያዘውን ወንበር አስቀመጠ።

«ሞቷል» አለ። «ሰርጉ ላይ ገድዬዋለሁ። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ከቃሌ ነፃ ነኝ።»

«ባይ ፔንቾ ነገሩህ?»

«እሳቸው ምንም አላሉኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅህን ሰምቻለሁ፣ ራንጌል። ስትዋሽ ያምራል።» ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋና ቀጠለ። «ለዮአና እሁድ እጨርሳለሁ፣ ሰኞ እነሣለሁ ብያት ነበር። ሻንጣው በር ላይ ነበር። ከዚያ አንተ አሥራ ዘጠኝ አልክ። እኔም እንደዚህ ሆነን አንለያይም፣ ተናዶ ነው፣ ነገ ይመጣል፣ ይነግረኛል፣ እንስቃለን፣ እሄዳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አልመጣህም። እሁድ ይነግረኛል አልኩ። ሥጋ ቤት ድረስ ስትመጣ ይኸው መጣ አልኩ፤ ማሽንህን ፈትቼ ገጠምኩልህ። አምስት እሁድ ጠበቅሁህ። ልጄ ሻማዋን ስታጠፋ በስልክ ነው ያየሁት።»

አንተ እብድ፣ ማን ጠብቀኝ አለህ ልለው ፈለግሁ። ይቅርታም ልለው ፈለግሁ። ሁለቱንም አላልኩም። የቀሩትን ወንበሮች ሁለታችን ደረደርናቸው፤ እሱ ያነሣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ሲጨርስ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት፣ እንደ እንግዳ ሰው። ቢመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ለሰቬሊና በየበዓሉ ፎቶ ይልክላታል፤ ለባይ ፔንቾ ደግሞ ይደውላል፣ ጮክ ብሎ፣ በቀኝ ጆሯቸው። ለእኔ አይደውልም። እሁድ እሁድ ሱቅ እገባለሁ፤ ሥራ ስለሌለኝ ማሽኑን አስነሥቼ ያለቀ መስታወት መልሼ እሞርዳለሁ። ማሽኑ ሲጮህ ሰው አይሰማኝምና ድምፄን ከፍ አድርጌ እለዋለሁ፤ ሦስት ነበር፣ ላቸዛር፣ ሦስት ነበር። ደግሜ ደጋግሜ ብየዋለሁ። ሁለት ቃል ነው፤ አፍ አያደክምም።